ልጆችን በቤት ውስጥ ወደ ሳይንስና ሒሳብ ለመሳብ፦ ስድስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

አንዱ ጎረቤት ለልጁ የቤት ለቤት አስጠኚ ቀጥሯል፤ ሌላዋ ታብሌት ገዝታ የሒሳብ መተግበሪያ ጭናለች፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው የሳይንስ መሞከሪያ ኪት ይዞ ገብቷል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ስለ ክረምት የኮዲንግ ሥልጠና በቴሌግራም ማስታወቂያ ልኳል። ሁሉም ልጅን ለሳይንስና ለሒሳብ እንደሚያዘጋጅ ይነገርለታል። ደመወዙን ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያና ለአስቤዛ የሚያብቃቃ ወላጅ ከእነዚህ መካከል የቱን ማስቀደም እንዳለበት ቢቸገር አይፈረድበትም። ይህ መመሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 13 ዓመት የሆኑ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀ ሲሆን፣ መመዘኛዎቹን አስቀድሞ አስቀምጦ ስድስት አማራጮችን በእነሱ ይመዝናል።

ከሁሉ በፊት ወላጅ አንድ ጥያቄ ለራሱ ሊመልስ ይገባል። የሚፈልገው የልጁ ውጤት እንዲሻሻል ነው ወይስ ልጁ ትምህርቱን እንዲወደው? ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በፈተና 90 አምጥቶ ፈተናው ካለፈ በኋላ ደብተሩን የማይገልጥ ልጅ አለ፤ ውጤቱ መካከለኛ ሆኖ ሳለ የተበላሸ ሬዲዮ ሲፈታ ወይም የጉንዳን መንገድ ሲከተል ግማሽ ቀን የሚውል ልጅም አለ። ለመጀመሪያው የሚበጀው ለሁለተኛው ላይበጅ ይችላል። በአማራጮች መካከል ከሚፈጠረው ግራ መጋባት አብዛኛው የሚመነጨው ሁለቱን ፍላጎቶች ከመደባለቅ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው የሚለው ነው። ልጁ አስቀድሞ ይገምታል? በእጁ ይለካል? ግምቱ ሲሳሳት ምክንያቱን ይፈልጋል? ወይስ ሌላው ሠርቶ ያሳየዋል? በዚህ መመዘኛ የወደቀ አማራጭ በሌላው ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ፍላጎትን አያሳድግም። ሁለተኛው የወላጅ ጊዜ ነው፤ በሳምንት ስንት ሰዓት ይጠይቃል፣ ወላጁስ ትምህርቱን ማወቅ ይኖርበታል ወይ? ሦስተኛው ሙሉ ወጪው ነው፤ የመግዣው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የኢንተርኔት ዳታው፣ የሚተካው ባትሪ ድንጋይና የትራንስፖርቱ ሒሳብ ይታሰባል። አራተኛው ቋንቋ ነው። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጡ፣ ልጁ ቃሉን እያወቀ ነገሩን የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ አማራጩ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ለመነጋገር ዕድል ይሰጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አምስተኛው ዘላቂነት ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ነገሩ ከአልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል ወይስ አሁንም ይነሣል?

ደኅንነት ከመመዘኛዎቹ ጋር አይደመርም፤ ከሁሉም በፊት መሟላት ያለበት ነውና በየአማራጩ ሥር ተጠቅሷል።

አንደኛ፦ ቤት ውስጥ ያለው ነገር

ማድ ቤቱ፣ ግቢው፣ ቆጣሪውና የገበያ ዘንቢሉ ብዙ ወላጆች ከአማራጭ የማይቆጥሯቸው ናቸው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን በመጀመሪያው መመዘኛ ከሁሉም የሚልቁት እነሱ ናቸው፤ ለዚህም ሰፋ ያለ ቦታ ይገባቸዋል።

የሊጥን ነገር እንውሰድ። ሦስት ተመሳሳይ የጃም ብርጭቆዎች ይዘጋጁ። በእያንዳንዳቸው እኩል የስንዴ ዱቄትና እኩል ለብ ያለ ውኃ ይቦካል፤ በሁለቱ ላይ እኩል የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ይጨመራል፣ ሦስተኛው ያለ እርሾ ይቀራል። እርሾ ካለባቸው አንዱ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ሌላው ማቀዝቀዣ ውስጥ ወይም ቀዝቃዛ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ እርሾ የሌለው ከሞቃቱ ጎን ይሆናል። ልጁ የሊጡ ከፍታ በደረሰበት ልክ በብርጭቆው ላይ ላስቲክ ያስራል፤ ከዚያም የትኛው በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚነሣ ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በየግማሽ ሰዓቱ በማስመሪያ ይለካል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በእጁ የቁጥር ሠንጠረዥ ይኖረዋል፤ ቀጥሎም ሁለት ጥያቄ ይነሣል። ሊጡን ያነሣው እርሾው ነው ወይስ ሙቀቱ? ሦስተኛው ብርጭቆ ለምን አስፈለገ? እዚህ ላይ ልጁ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ሌላውን ሳይለውጡ ማነጻጸር ምን እንደሆነ ይረዳል፤ ይህም የሳይንስ ሥራ ሁሉ መሠረት ነው። እርሾው ስኳርን እየተመገበ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ እንደሚያወጣ፣ የእንጀራ ዓይንም ይኸው ጋዝ ምጣድ ላይ ሲያመልጥ የሚተወው ቀዳዳ እንደሆነ ሲነገረው፣ ቀድሞ ያየውን ነገር ስለሆነ የሚሰማው ልቡ ይገባል።

ቆጣሪውም እንዲሁ መምህር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ ስሪቱ ቢለያይም 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 10 ዋት አምፖል ይህንኑ ያህል ለመፍጀት 700 ሰዓት፣ ማለትም ሌት ተቀን እየበራ 29 ቀን ያህል ያስፈልገዋል። የአምስተኛ ወይም የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ራሱ ማስላት ይችላል፤ ከመጋገሩ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን አንብቦ ስሌቱ ከእውነታው ምን ያህል እንደራቀ ማየትም ይችላል። መብራት አጥፉ የሚለው የአባት ትእዛዝ ከዚያ በኋላ ከቁጥር ጋር ይከራከራል፤ ክርክሩም ለሒሳብ ትልቅ ወዳጅ ነው።

ግቢ ወይም ሰገነት ያለው ቤተሰብ ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ተክሎ ጥላውን መከታተል ይችላል። በአዲስ አበባ ፀሐይ ከሁሉ ከፍ የምትለው በትክክል ስድስት ሰዓት ላይ ሳይሆን በአማካይ ከስድስት ሰዓት ተኩል ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ልጁ ጥላው የሚያጥርበትን ደቂቃ ፈልጎ ይህን በራሱ ሊያገኘው ይችላል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ጥላ ሊጠፋ ይቃረባል፤ በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ደግሞ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል። የነሐሴው በዳመና ሊሸፈን ስለሚችል የሚያዝያውን መጠበቅ ይመረጣል። ፀሐይን በቀጥታ ማየት ግን ዓይንን ይጎዳልና ልጁ ጥላውን ብቻ እንዲመለከት ይነገረው።

የዚህ አማራጭ ጉድለት ጊዜ መጠየቁ ነው፤ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ሰውየው የተማረ መሆን ግን የለበትም። «እኔም አላውቅም፤ በምን እናውቃለን?» ማለት የሚችል ወላጅ ከበቂ በላይ ነው፤ ስለ ሊጥ ደግሞ አያት ከማንም የበለጠ ታውቃለች። በማድ ቤት ሙከራ ጊዜ አንድ ሕግ የማይታለፍ ነው፦ በረኪና ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። እሳትና የፈላ ውኃም ያለ አዋቂ አይነኩም።

ሁለተኛ፦ ገበጣ፣ ካርታና የዘመን ስሌት

ጨዋታ ለሒሳብ ያለው ጥቅም ይታወቃል፤ ነገር ግን ብዙ ወላጅ ከውጭ የመጣ የቦርድ ጨዋታ ሲፈልግ ገበጣን ይረሳል። ሕጉም የጉድጓዱ ብዛትም እንደ አካባቢው ይለያያል። ሰሌዳ ከሌለ ከእንቁላል ትሪ ላይ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸውን ሁለት ረድፎች ቆርጦ ባቄላ መጠቀም ይቻላል። በ12 ጉድጓዶች አራት አራት ቢቀመጥ ጠቅላላው ስንት ነው ብሎ መጀመር ለሰባት ዓመት ልጅ በቂ ነው። ከፍ ላለው ልጅ ደግሞ 12 ፍሬ ከያዘ ጉድጓድ ተነሥቶ ቢዘራ የመጨረሻው ፍሬ የት ይወድቃል፣ 15 ቢሆንስ የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። ዙሩ ስለሚደገም ዋናው ነገር ቀሪው ቁጥር እንደሆነ ራሱ ይደርስበታል።

ቀሪን የተረዳ ልጅ ለባሕረ ሐሳብ ዝግጁ ነው። የዘመን መለወጫ በየትኛው ቀን እንደሚውል ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ለ2018 ዓ.ም 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ቀሪው 2 ስለሆነ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ከዚያ 7518 እና 1879 ተደምረው 9397 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው። ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ከሆነ ረቡዕ፣ 3 ከሆነ ሐሙስ እያለ ይቆጠራል፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሰኞ ነው። እውነትም የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር። ልጁ የተወለደበትን ዓመት ራሱ አስልቶ በስልኩ ካላንደር ያረጋግጥ፤ ለምን ለ4 እንደሚካፈል ከጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ጋር አያይዞ እንዲያስብም ይተው። ማካፈል ከሚጠሉ ልጆች መካከል በዚህ ስሌት የታላላቆቹን ሁሉ የልደት ዘመን እየጠየቀ ሲያሰላ የማይውል ጥቂት ነው።

ካርታ፣ ዳማና ቼዝም በዚሁ ሥር ይገባሉ። ወጪያቸው አነስተኛ ነው፤ የወላጅን ጊዜ ቢጠይቁም ወንድምና እህት ሊተካው ይችላል፤ ዕድሜያቸውም ረጅም ነው። ጉድለታቸው ሳይንስን እምብዛም አለመንካታቸው ነው።

ሦስተኛ፦ ስልክ፣ ታብሌትና ኮምፒውተር

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ልዩነት በማየትና በመሥራት መካከል ያለው ነው። የሚፈነዳ ቀለም የሚያሳዩ የሳይንስ ቪዲዮዎች ልጁን ያስደስቱታል፤ ሥራውን ግን ሌላ ሰው ስለሠራው በመጀመሪያው መመዘኛ ይወድቃሉ። በተቃራኒው ልጁ ራሱ የሚነካካቸውና የሚሠራባቸው ነጻ አገልግሎቶች አሉ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. ያስጀመሩት ፌት የተባለው የሙከራ ማስመሰያ ስብስብ ልጁ የኤሌክትሪክ ገመድና አምፖል እያገናኘ፣ ሚዛን እያመጣጠነ እንዲሞክር ያደርጋል። ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ስክራች ደግሞ ልጆች የራሳቸውን ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ፕሮግራም የሚያደርጉበት ሲሆን፣ ትእዛዞቹ በአማርኛም ስለሚገኙ የቋንቋ መመዘኛውን ያልፋል። ካን አካዳሚ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት አገልግሎት ለሒሳብ ልምምድ ጠንካራ ነው፤ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፣ ልጁ ሲሳሳት ፍንጭ ይሰጣል። የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ የሚጠቀምበት ግን በዋናነት በእንግሊዝኛ በመሆኑ እንግሊዝኛው ላልጠነከረ ልጅ ወላጅ አጠገቡ ሊኖር ይገባል።

ወጪውን ስናይ አገልግሎቶቹ ነጻ ናቸው፤ መሣሪያውና ዳታው ግን አይደሉም። ስክራች ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ብዙዎቹ የፌት ማስመሰያዎችም አንዴ ከወረዱ በኋላ እንዲሁ ናቸው። ኮሊብሪ የተባለው ሥርዓት ደግሞ ትምህርቶችን አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመጠቀም ታስቦ የተሠራ ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

መተግበሪያ ሲመረጥ አንድ ፈጣን መፈተኛ አለ። ልጁ ሃያ ደቂቃ ከተጠቀመ በኋላ «ምን ሠራህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ነጥቡና ስለ ሽልማቱ ብቻ ካወራ መተግበሪያው የሚያስተምረው ነጥብ መሰብሰብን ነው። «አምፖሉን ሁለት ሳደርገው ብርሃኑ ደከመ» ካለ ግን ነገሩ ገብቶታል። ያን ጊዜ ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ጥቂት ሽቦና የእጅ ባትሪ አምፖሎች ገዝቶ በስክሪኑ ያየውን በእጁ እንዲሠራው ማድረግ ያስፈልጋል። የግድግዳ ሶኬት የዚህ ጨዋታ አካል እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ሊሰመርበት ይገባል። ለትንንሾቹ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት በስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ቢቀንስ ደግሞ እንደሚሻል መክሯል፤ በዚህ ዕድሜ ታብሌትን ለሒሳብ ብሎ መግዛት አያስፈልግም።

አራተኛ፦ የተዘጋጁ የሳይንስ ኪቶች

ኪት ጥሩ ስጦታ ነው፤ ጥሩ መነሻ ግን እምብዛም አይደለም። ብዙዎቹ ኪቶች አንድ ሙከራ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ የተለካ ዱቄት ይዘው ይመጣሉ፤ ልጁ መመሪያውን ተከትሎ እሳተ ገሞራውን ያፈነዳል፣ ዱቄቱ ያልቃል፣ ነገሩ ያበቃል። ከመግዛት በፊት ሳጥኑ ላይ ሦስት ነገር ይታይ፦ ከዕቃዎቹ ስንቱ ተደጋግሞ ይሠራል፣ የሚያልቀው እዚሁ ገበያ ላይ ይተካል ወይ፣ መመሪያውን በቤቱ ውስጥ የሚያነብ ሰው አለ ወይ። የመጫወቻ ኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎች በዚህ በኩል ከኬሚካል ኪቶች ይሻላሉ፤ ተፈትተው መቶ ጊዜ ይገጠማሉና።

አጉሊ መነጽር ከሁሉም ኪት በዋጋው አነስተኛ፣ በአገልግሎቱ ረጅም ነው። ከፍ ያለ የሚፈልግ ከወረቀት ታጥፎ የሚሠራውንና 140 እጥፍ ገደማ የሚያጎላውን ፎልድስኮፕ ማይክሮስኮፕ ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስመጣት ይችላል። ስለ ቴሌስኮፕ ግን ምክሩ ግልጽ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ትልቅ የማጉላት ቁጥር የተጻፈባቸው ርካሽ ቴሌስኮፖች መቆሚያቸው ስለሚንቀጠቀጥ ልጁን ያሳዝኑታል። በዚያው ገንዘብ 10 በ50 የሆነ (10 እጥፍ የሚያጎላና የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ባይኖኩላር ገዝቶ ክርኑን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የጨረቃን ጉድጓዶችና በጁፒተር ግራና ቀኝ የሚታዩትን ትንንሽ ጨረቃዎች መቁጠር ይቻላል። በባይኖኩላርም ሆነ በቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ መመልከት ዓይንን ወዲያው ሊያጠፋ ይችላል።

ክብ ጠፍጣፋ ባትሪና ትንንሽ ጠንካራ ማግኔት ያለበት ኪት ከሁሉም ይበልጥ ሊፈራ ይገባል። ሕፃን ከዋጣቸው አንጀትና ጉሮሮ ስለሚጎዱ ታናሽ ልጅ ባለበት ቤት ባይገቡ ይመረጣል፤ ከተዋጡም ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መሄድ የግድ ነው።

አምስተኛ፦ አስጠኚና የመልመጃ መጽሐፍ

አስጠኚ መቅጠር በከተማ ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደው መፍትሔ ነው። ለአንድ ዓላማ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ይኸውም ልጁ የጎደለው መሠረት ሲኖር ነው። ክፍልፋይ ያልገባው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፐርሰንት፣ ጥምርታና አልጀብራ ሁሉ እንደ ግድግዳ ያየዋል፤ ተደጋጋሚ ኀፍረትም ፍላጎትን ይገድላል። እንዲህ ላለው ልጅ ትዕግሥተኛ አስጠኚ ከማንኛውም ኪት በፊት ያስፈልገዋል።

ክፍተት ለሌለበት ልጅ ግን በሳምንት አምስት ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ሌላ ክፍል መክፈት ድካምን እንጂ ፍቅርን አያመጣም። አስጠኚ ሲቀጠር ስለ ዲግሪው ብቻ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ይጠየቅ። በመጀመሪያው ሰዓት ወላጅ አጠገባቸው ቢቀመጥ ብዙ ይገነዘባል፤ እስክሪብቶውን አብዛኛውን ጊዜ የያዘው አስጠኚው ከሆነ የሚማረው አስጠኚው ነው። ልጁ «እንዴት እዚህ ደረስክ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ትክክል በሆነ ጊዜም ጭምር፣ ያ አስጠኚ ገንዘቡ ይገባዋል። የቤት ሥራውን ሠርቶለት የሚሄድ አስጠኚ ግን የነገውን ችግር በክፍያ እየገዛ ነው።

የመልመጃ መጽሐፍ የአስጠኚ ርካሽ ወንድም ነው። በቀን አሥር ደቂቃ ለማባዛት ሠንጠረዥ ልምምድ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ቅጣት ይጠጋል።

ስድስተኛ፦ ሙዚየም፣ ክበብና የክረምት ሥልጠና

ከቤት ውጭ ያለው አማራጭ ለብቻው አይበቃም፤ በቤት የተጀመረን ጥያቄ ለማቀጣጠል ግን ጠቃሚ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመስከረም 2015 ዓ.ም የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም፣ በአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ የሚገኘው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምና የድንቅነሽ ቅሪት የሚገኝበት ብሔራዊ ሙዚየም በአንድ ቅዳሜ ተራ በተራ ሊታዩ ይችላሉ፤ አንዱን ብቻ መርጦ ቀስ ብሎ ማየት ግን ይሻላል። ከመሄድ በፊት ሥራ ይሰጥ። ለምሳሌ ድንቅነሽ ቁመቷ 1.1 ሜትር ገደማ እንደነበር ተነግሮት ልጁ ይህን ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ያስምርና አጠገቡ ይቁም። ከዚያ ሙዚየም ውስጥ ሲገባ በ1967 ዓ.ም በአፋር ሐዳር የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም በመስታወት ውስጥ ያለ አጥንት ብቻ አትሆንበትም፤ ቁመቷን ከራሱ ጋር የለካት ፍጥረት ትሆናለች። በክልል ከተሞች ላሉ ቤተሰቦች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተቋቋሙ የስቲም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከላት ለተማሪዎች ፕሮግራም ያላቸው መሆኑን መጠየቅ ይጠቅማል። የክረምት የኮዲንግና የሮቦት ሥልጠናዎች ጥራታቸው እጅግ ይለያያል፤ ልጁ ሥልጠናውን ሲጨርስ ራሱ የሠራውን ነገር ይዞ ይወጣል ወይስ የምስክር ወረቀት ብቻ የሚለው ጥያቄ ይለያቸዋል።

ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የልጁ ተሳትፎ | የወላጅ ጊዜ | ሙሉ ወጪ | ቋንቋ | ዘላቂነት |
|---|---|---|---|---|---|
| የቤት ዕቃና ማድ ቤት | በጣም ከፍተኛ | ብዙ | ከምንም እስከ ጥቂት | የቤቱ ቋንቋ | ከፍተኛ |
| ገበጣና የዘመን ስሌት | ከፍተኛ | መካከለኛ | ጥቂት | አማርኛ | ከፍተኛ |
| ስልክና ኮምፒውተር | እንደ ምርጫው | ከጥቂት እስከ መካከለኛ | መሣሪያና ዳታ | በብዛት እንግሊዝኛ፤ ስክራች በአማርኛም | መካከለኛ |
| የሳይንስ ኪት | መካከለኛ | መካከለኛ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | በብዛት የውጭ | ዝቅተኛ፤ መገጣጠሚያና አጉሊ መነጽር ከፍተኛ |
| አስጠኚ | እንደ አስጠኚው | ጥቂት | ከፍተኛ፣ በየወሩ | እንደ ስምምነቱ | ክፍያው እስካለ |
| ሙዚየምና ክበብ | ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ | አንድ አንድ ቀን | መግቢያና ትራንስፖርት | እንደ ቦታው | በቤት ሥራ ከታገዘ ጥሩ |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ላጠረው፣ ምሽት ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ማግኘት ለሚችል ቤተሰብ አንደኛውና ሁለተኛው አማራጭ ሙሉ በሙሉ ይበቃሉ። መግዛት ያለበት አንድ ማስመሪያ፣ አንድ ደብተርና ከተቻለ አንድ አጉሊ መነጽር ነው። ደብተሩ ለልጁ ግምትና ልኬት ብቻ የሚውል ይሁን፤ የተሳሳተው ግምት እንዳይሰረዝ ይነገረው።

ገንዘብ ኖሮት ጊዜ ያጠረው ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አስጠኚ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ አስጠኚውን በሳምንት አንድ ቀን ለጥናት ሳይሆን ለሙከራ ብቻ እንዲመጣ መስማማት ይቻላል፤ ለዚህ ሥራ ነገሩን የሚወድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከብዙ ዓመት ልምድ በላይ ሊጠቅም ይችላል። ቀኑን ከልጁ ጋር የምትውለው አያት ወይም ሞግዚትም የሊጡን ሙከራ መምራት ትችላለች።

በሒሳብ ወደ ኋላ ለቀረ ልጅ አስቀድሞ የጎደለው ይሞላ፤ ለሦስት ወር ያህል አስጠኚ ወይም የካን አካዳሚ ልምምድ፣ ጎን ለጎን ደግሞ ገበጣ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ የቤት ዕቃ፣ ስኒ መቁጠር፣ ካልሲ ማጣመርና በጣሳ ውኃ እየለኩ መጫወት ከበቂ በላይ ነው። ጥያቄው ከወላጁ ዕውቀት ላለፈ የ12 ዓመት ልጅ ስክራችንና የዩኒቨርሲቲ ማዕከልን ማስቀደም ይሻላል፤ ባይኖኩላርም ቢሆን የሚገዛው ለእንዲህ ያለው ልጅ ነው።

ወንድና ሴት ልጆች ባሉበት ቤት ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ኪቱ ለወንዱ ተገዝቶ ሴቷ ሊጥ ስታቦካ እርሾው ምን እንደሚሠራ ማንም ካልነገራት፣ በቤቱ ውስጥ ካሉት ሙከራዎች ትልቁን በእጇ እየሠራች ከሳይንሱ ውጭ ቀርታለች። የቤት ሥራውን እኩል ማካፈልና የመለኪያ ደብተሩን ለሁለቱም መስጠት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች የዋጋው ሚዛን ይለወጣል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ያሉ ወላጆች የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክና የአየርና ሕዋ ሙዚየሞችን ያለ መግቢያ ክፍያ ማሳየት ይችላሉ፤ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የሚያገኙት የሳይንስ ዕቃም የተሻለ ነው። እዚያ የሚጎድለው ስለ ትምህርቱ በአማርኛ ማውራት ነው፤ ለዚህም ባሕረ ሐሳብና የእንጀራው ሊጥ ከማንኛውም ታብሌት ይበልጥ ይመረጣሉ፤ ልጁ በክፍሉ ማንም የማያውቀውን ስሌት ይዞ ይሄዳልና።

ውሳኔው አሁንም የሚከብደው ወላጅ ምንም ሳይገዛ ለአራት ሳምንት አንደኛውን አማራጭ ይሞክር፤ ልጁ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎችም በዚያው ደብተር ጀርባ ይጻፍ። ጥያቄዎቹ ስለ ኮከብና ስለ ሰማይ ከበዙ ባይኖኩላሩ፣ ስለ ሽቦና ስለ ማሽን ከሆኑ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያው፣ ስለ ነፍሳትና ስለ ቅጠል ከሆኑ አጉሊ መነጽሩ ወይም ፎልድስኮፑ ይገዛ። ጥያቄው ከቁጥር ጋር የሚያያዝ ከሆነ ግን ገንዘቡ ይቀመጥ፤ ለዚያ ልጅ የገበጣ ተጋጣሚ መሆን ይቀድማል።